ባለሥልጣኑና ጠበቃው አቻ ወጡ!

በእኛ አገር «ማን አሸነፈ?» ለሚል ጥያቄ «አቻ ወጡ» የሚለው መልስ እንደ መልስ አይቆጠርም። ጠያቂው ፊቱን ያጠቁርና «እሱስ እሺ፤ ግን ማን ይሻላል?» ይላል። ኳስ ከሆነ «ሁለቱም አይረቡም» እንላለን። የፍርድ ቤት ጉዳይ ከሆነ «ዳኛው ፈርቶ ነው» እንላለን። ፖለቲካ ከሆነማ አይነሳ! «ተሸጠ»፣ «ተገዛ»፣ «ተንበረከከ» የሚለው ስም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ለመሆኑ አቻ መውጣት ይህን ያህል የሚያሳፍር ነገር ነው ወይ?

ይህን ለመመለስ ዛሬ አንባቢን ወደ ቪየና ከተማ፣ ወደ አንድ የቼዝ ሰሌዳ ልወስድ ነው። «አገር እየነደደ ይኼ ሰውዬ ስለ ቼዝ ያወራል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ይታገሰኝ። ነገሩ ወደ ቤታችን ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1872 ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ ዘውድ የጫኑበት ዓመት ማለት ነው። በሰሌዳው ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ስማቸው የታወቀ ተጫዋቾች ይሁኑ እንጂ እንጀራቸው ከቼዝ የሚወጣ አልነበረም። በነጭ የሚጫወተው ካርል ሃምፔ ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣን ነው። በጥቁር የሚጫወተው ፊሊፕ ማይትነር ደግሞ ጠበቃ ነው። ያውም በዚያ ዘመን ኦስትሪያ ውስጥ በጥብቅና ሙያ እንዲሠሩ ከተፈቀደላቸው የመጀመሪያዎቹ አይሁዳውያን አንዱ። ጨዋታው ካለቀ ከ6 ዓመት በኋላ የተወለደች ሊዘ የምትባል ልጁ የአተምን መሰንጠቅ ካስረዱት ሳይንቲስቶች አንዷ ሆና፣ 109ኛው ንጥረ ነገር በስሟ ተሰይሟል። አባትየውን ግን የቼዝ ዓለም የሚያስታውሰው በዚያች አንድ ጨዋታ ነው። ያውም ባላሸነፋት ጨዋታ!

ባለሥልጣንና ጠበቃ ፊት ለፊት ተቀምጠው የተጫወቱት እንዲህ ነው።

ሁለቱም የንጉሣቸውን ወታደር ሁለት ሁለት ቤት ገፉ። ባለሥልጣኑ ፈረሱን አወጣ። ጠበቃው ቢሾፑን አወጣ። በሦስተኛው እርምጃ ባለሥልጣኑ ያንኑ ፈረስ ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ወሰደና ቢሾፑን አስፈራራ። የመንግሥት ሰው ጠባዩ ነው፤ ገና ቤቱን ሳያደራጅ ማስፈራራት ይወዳል። ጠበቃው ግን አልሸሸም። የተፈራራውን ቢሾፕ አንስቶ ንጉሡ ጉያ ሥር ያለውን ወታደር በላና «ቼክ!» አለ። ንጉሡ ራሱ ወጥቶ ቢሾፑን በላ። የበላ መስሎታል። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቱ አልተመለሰም።

የጠበቃው ንግሥት ወጣች። ቼክ። ንጉሡ ወደፊት ሄደ። እንደገና ቼክ። አሁንም ሄደ። በዚህ ጨዋታ ባለሥልጣኑ ካደረጋቸው 18 እርምጃዎች 12ቱን የተራመደው በንጉሡ ነው። ካስትሎቹ፣ ንግሥቱ፣ አንዱ ቢሾፕና ሁለተኛው ፈረስ በተፈጠሩበት ቤት ተገትረው፣ ንጉሥ ብቻውን ሰሌዳውን አቋርጦ በጠላት ሠፈር ሲንከራተት ማየት ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት እያለው የሚደርስለት አጣ።

በዘጠነኛው እርምጃ ጠበቃው ጉድ የሚያሰኝ ነገር አደረገ። ንግሥቱን፣ የሰሌዳውን ትልቅ ኃይል፣ ጠርዝ ላይ ለቆመው ፈረስ ብሎ ሰጠ። ንጉሡ በላት። ቀጥሎ አንድ ፈረስ ሰጠ። ንጉሡ እሱንም በላ። ከዚያ ጠበቃው ቼክ እንኳ ሳይል ሁለተኛውን ፈረስ ቀስ ብሎ አወጣ። ያች ዝም ያለች እርምጃ ከጩኸቱ ሁሉ የከፋች ነበረች፤ ንጉሡን ለመግደል ወጥመዱ ሁሉ ተዘጋጅቷልና።

እዚህ ላይ ለባለሥልጣኑም ፍትሕ እንስጠው። ደንግጦ እጅ አልሰጠም። አንዱን ቢሾፕ መሥዋዕት አድርጎ የወጥመዱን በር ዘጋ። ሁለቱም አንድ አንድ ነገር ተበላሉና ጠበቃው የመጨረሻ ቢሾፑን ንጉሡ አፍ ላይ አስቀምጦ «ቼክ» አለ። ብላኝ ነው የሚለው!

ባለሥልጣኑ የተፈተነው እዚህ ላይ ነው። ቢሾፑ ያለ ጠባቂ የቆመ ነጻ ሥጋ ነው። በኃይል ቢሆን ባለሥልጣኑ እጅግ ይበልጣል። በእጁ ንግሥት፣ ሁለት ካስትል፣ ቢሾፕና ፈረስ አለው። ጠበቃው የቀሩት ሁለት ካስትልና ያች አንዲት ቢሾፕ ናቸው። ታዲያ ለምን አይበላትም? ከበላት የጠበቃው ንጉሥ አንድ ቤት ፈቀቅ ብሎ ለካስትሉ መንገድ ይከፍትለታል። ከዚያ በኋላ ባለሥልጣኑ ንግሥቱን አምጥቶ ቼክ ቢል ሞቱን በአንዲት እርምጃ ያዘገየው እንደሆነ ነው እንጂ አያመልጥም። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ማለት ይቺ ናት።

ሃምፔ ገደሉን አየ። ሳይበላ ንጉሡን ፈቀቅ አደረገ። ቢሾፑ ተከትሎት ሄደና ቼክ አለ። ንጉሡ ወደነበረበት ተመለሰ፤ ወደ ሌላ ቢሸሽ ኖሮ እዚያም ሞት ነበረ። ቢሾፑም ወደነበረበት ተመልሶ ቼክ አለ። ጠበቃው ቼክ ማለቱን ከተወ የባለሥልጣኑ ሠራዊት ይጨርሰዋል። ባለሥልጣኑ ቢሾፑን ከበላ ይሞታል። እንግዲህ ምን ቀረ? 18ኛው እርምጃ ላይ አቻ ተለያዩ። ጨዋታው ዛሬም ድረስ «የማይሞተው አቻ» እየተባለ ለተማሪ ይተነተናል። በዚያው ዓመት ስንት ሰው ስንቱን አሸንፎ ይሆን? የአብዛኞቹን የሚያስታውስ የለም።

የሞተውን እንቁጠር

ከዚህ ጨዋታ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጨዋታው ሲያልቅ የተሰበሰበውን ሬሳ ቁጠሩ። ከጠበቃው ወገን ንግሥት ሞታለች። ቢሾፕ ሞቷል። ሁለቱም ፈረሶች ሞተዋል። ወታደሮቹስ? ስምንቱም በሕይወት አሉ! አንድም አልጎደለም። ከባለሥልጣኑም ወገን የሞቱት ወታደሮች ሁለት ብቻ ናቸው። አቻ እስኪደረስ ድረስ ዋጋውን የከፈሉት ትላልቆቹ ነበሩ።

በእኛ አገር ሰሌዳ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ ወይስ ታውቁታላችሁ?

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቆጠራው ገና ሳያልቅ ሁለቱም ወገን «አሸንፌያለሁ» አለ። ሰሌዳው ላይ ግን አንዱ ሌላውን ጨርሶ ሊያጠፋ የማይችልበት ሁኔታ ነበር የሚታየው። ከተማ በአንዱ እጅ፣ ጠመንጃና ቢሮ በሌላው እጅ። የቼዝ ሰው ቢሆን ቀና ብሎ አይቶ እጁን ይዘረጋ ነበር። የተዘረጋው ግን ጥይት ሆነ። ጉዳዩን እንዲያጣራ መንግሥት ራሱ ባቋቋመው ኮሚሽን አባላት ቆጠራ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። ከነዚህ ውስጥ ንግሥት ነበረች? ቢሾፕ ነበረ? ሁሉም ወታደር ነበሩ። የሰሌዳው ወታደር ማለቴ ነው፤ የሊስትሮው፣ የተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው ልጅ።

ከዚያም የባሰው መጣ። በጥቅምት 2013 በሰሜን የተጀመረው ጦርነት ሁለት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ጠረጴዛ ከበው ተፈራረሙ፣ ተጨባበጡ፣ ፎቶ ተነሡ። ደግ አደረጉ፤ ሰላምን የሚጠላ የለም። ሆኖም አደራዳሪው የአፍሪካ ኅብረት ልዩ መልእክተኛ ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ በጥር 2015 የሟቹ ቁጥር እስከ 600 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቁጥር ደግመህ አንብበው። ጠረጴዛው መጀመሪያም ነበረ። ወንበሩም ነበረ። የተጨባበጡት እጆችም ከጦርነቱ በፊት የነበሩት እጆች ናቸው። የጎደለው አቻን እንደ ውጤት የሚቆጥር ጭንቅላት ነው። ቼዝ ላይ የሞቱት እንጨቶች ተሰብስበው ወደ ሳጥን ይገቡና ነገ እንደገና ይደረደራሉ። የእኛዎቹን ማን መልሶ ይደርድራቸው?

መቶ በመቶ!

«የለም፣ ሙሉ ለሙሉ ያሸነፈ ይገዛል፤ የገዛ ያረጋጋል» የሚሉ አሉ። እሺ፣ ሙሉ ማሸነፍን እንየዋ! በ2002 ዓ.ም. ከ547 የፓርላማ መቀመጫዎች 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። ሁለቷ መቀመጫ ታሳዝን ነበር። በ2007 ዓ.ም. እሷም ቀረች፤ 547 ከ547! ይህን ያህል ያሸነፈ ቡድን በዓለም ላይ ስንት አለ? ታዲያ ገና ዓመት ሳይሞላ አገር በተቃውሞ ተናጠች፤ በ2009 መጀመሪያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ አስገቡ፤ በ2012 ደግሞ ኢሕአዴግ የሚባለው ድርጅት ራሱ ፈረሰ። 547 ለ0 ያሸነፈ ቡድን ከሜዳ ጠፋ! ቢሾፏን የበላው ንጉሥ መጨረሻው ይኸው ነው።

ትምህርት ተወሰደ ወይ? በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ውጤት በመጀመሪያ ከተገለጸባቸው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና 410ሩን አገኘ። ቁጥሩን ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

ችግሩ የሰዎቹ ጠባይ ብቻ አይደለም። የጨዋታው ሕግም አለበት። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 የፓርላማ አባል በየምርጫ ክልሉ በአብላጫ ድምፅ እንዲመረጥ ይደነግጋል። በአንድ ወረዳ አንዱ 51 ሌላው 49 ቢያገኝ፣ ባለ 51ዱ ሁሉን ይወስዳል፤ ባለ 49ኙ ዜሮ! ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር የለም። 49 ሰው ከመቶው ዜሮ ተብሎ ቤቱ ሲገባ ምን እያሰበ እንደሚገባ የሚጠይቅም የለም።

ቼዝም ቢሆን ግማሽ ነጥብን ይዞ አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ውድድር አቻ የወጣ ጨዋታ አይቆጠርም ነበር፤ አሸናፊ እስኪገኝ ይደገማል። በ1883 እዚያው ለንደን ሲወዳደሩ ሁለት ጊዜ አቻ ከወጡ ይደገምና ሦስተኛውም አቻ ከሆነ ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ ተባለ። እያደር ድካሙ ትርፍ እንደሌለው ሲገባቸው ለአቻ ግማሽ ነጥብ መስጠት የተለመደ የውድድር ሕግ ሆነ። ሕግ በልምድ ይሻሻላል ማለት ነው። የሰማይ ቃል አይደለም።

ሌሎቹም የአቻ ሕጎች ደስ ይላሉ። አንድ ዓይነት አሰላለፍ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ተጫዋቹ «አቻ ይባልልኝ» ብሎ ዳኛውን መጠየቅ ይችላል። ሃምሳ ሃምሳ እርምጃ ተጉዛችሁ አንድም ነገር ካልተበላ፣ አንድም ወታደር ወደፊት ካልተራመደ፣ አሁንም ዳኛ ይጠራል። እስቲ ይህን ሕግ ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱት! ሃምሳ ስብሰባ ተሰብስቦ አንድም ወታደር ወደፊት ያላራመደ መሥሪያ ቤት ስንት አለ? ያንኑ «ተሐድሶ» ሦስት ጊዜ የደጋገመስ? ዳኛ የሚጠራ ሲኖር አይደል!

ተስማምቶ መተኛትም አለ

አቻን አመሰገንኩ ማለት ግን አቻ የተባለውን ሁሉ አመሰገንኩ ማለት አይደለም። ሳይጫወቱ አቻ የሚወጡም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ኩራሳዎ ደሴት ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተፎካካሪ ለመምረጥ በተደረገው ውድድር ሦስቱ የሶቪየት ተጫዋቾች፣ ፔትሮሲያን፣ ኬሬስና ጌለር፣ እርስ በርሳቸው ያደረጓቸው 12 ጨዋታዎች በሙሉ አቻ ተጠናቀቁ። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር «ተመካክረው ነው፤ እርስ በርሳቸው እያረፉ ኃይላቸውን በእኛ ላይ አዋሉት» ብሎ በመጽሔት ከሰሰ። ጩኸቱ ፍሬ አፈራና የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን ያንን የውድድር ዓይነት ትቶ አንድ ለአንድ በሚደረግ ግጥሚያ ተካው።

የእኛም ሰሌዳ የኩራሳዎ ተጫዋቾች አያጣም። ምርጫ ሲደርስ ብቅ ብለው፣ ከገዥው ጋር ፎቶ ተነሥተው፣ «ገንቢ ተቃዋሚ» ተብለው፣ አበልና መኪና ይዘው የሚሰወሩትን ማለቴ ነው። ሕዝቡ ስም አውጥቶላቸዋል፤ «ተለጣፊ»። የእነሱ አቻ ከሽንፈት ይብሳል። የተሸነፈ ሰው ቢያንስ ታግሏል። ማይትነር አቻውን ያገኘው ንግሥቱን ሰጥቶ ነው። ምን ሰጥተህ አገኘኸው? የሚለው ጥያቄ እውነተኛውን አቻ ከተለጣፊው ይለየዋል።

ተቃዋሚ ነን የምንለውስ? ሐቁን እንነጋገር። ከገዥው ጋር ግማሽ አንካፈልም የሚል ፓርቲ ከጓዱም ጋር ሊቀመንበርነት መካፈል አቅቶት ሲሰነጠቅ ስንት ጊዜ አየን? ዛሬ ጥምረት፣ ነገ ኅብረት፣ ከነገ ወዲያ «የነ እገሌ አንጃ»። ማኅተም ማን ይያዝ በሚል ፍርድ ቤት የቆመ ድርጅት አገርን እንዴት ሊካፈል ነው? ይህ በሽታ ቤተ መንግሥት ብቻ ያለ አይምሰለን።

የሰው አገር ጨዋታ ነው?

«ድሮስ ቼዝ የፈረንጅ ነገር!» የሚል ቢኖር፣ ሰንጠረዥ የሚባል የራሳችን ቼዝ ነበረን። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በቤተ መንግሥት ይጫወቱት ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ እንደሚወዱ ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ሕግጋቱን በሰፊው አጥንተውታል። ሁለት ነገሮቹ ያስገርማሉ። አንደኛው፣ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም፤ «ወረራ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ሰው እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፈጠናቸው ያሰልፋሉ። ይህን ክፍል ፖለቲከኞቻችን አጥብቀው ይዘውታል! ሁለተኛው ግን ተረስቷል። በትልቁ ኃይል መግደል ሙያ አይባልም ነበር፤ የሚመሰገነው በትንንሾቹ አሳምሮ የጨረሰ ነው። ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን እንዴት አሸነፍክ የሚለውም ይቆጠር ነበር ማለት ነው።

ሽምግልናውስ? ሁለት ጎረቤት በድንበር ቢጣላ ሽማግሌ ተቀምጦ «አንተም ትንሽ ተው፣ አንተም ትንሽ ተው» ብሎ ያስታርቃል። ማንም «ተሸነፍኩ» ብሎ አይሄድም። ቤት ውስጥ የምናውቀውን አቻ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ስንደርስ እንደ ጫማ አውልቀነው እንገባለን። መሳደብ የምንችለውን ያህል መካፈል አልቻልንም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የምርጫ ሕጉ ይታይ። ድምፅ በተገኘው መጠን መቀመጫ የሚከፋፈልበት አሠራር በብዙ አገሮች አለ፤ ለእኛም ለውይይት ይቅረብ፤ ሕገ መንግሥቱ መነካት ካለበትም በሕጉ መሠረት ይነካ። ሁለተኛ፣ ዳኛው ዳኛ ይሁን። ሁለት ተጫዋቾች የማያምኑት ዳኛ ባለበት አቻም ማሸነፍም ዋጋ የለውም። ሦስተኛ፣ ገዥም ተቃዋሚም «ቼክ» ባለ ቁጥር ያሸነፈ አይምሰለው። ቼክ ማለትና መግደል ለየቅል ናቸው።

ካርል ሃምፔ ባለሥልጣን ነበር። ንግሥቱ፣ ካስትሎቹ፣ ሁሉም ነገር በእጁ ነበር። ያች ቢሾፕ ፊቱ ቆማ ስትጋብዘው እጁን ሰበሰበ፤ ግማሽ ነጥቡን ይዞ ጠበቃውን ይዞት ሳይሄድ ወደ ቤቱ ገባ። ጠበቃውም ታስሮ ሳይሆን ኮቱን ደርቦ ወደ ቤቱ ገባ። ስምንት ወታደሮቹም ከነነፍሳቸው። ለእኛም ይህን ያድለን።

ቸር ይግጠመን!